መርዶ ያልደረሰው የስፌት መኪና

ተረት ልነግራችሁ ነው። ራቅ ያላችሁ ተጠጉ፣ የተጠጋችሁ ዝም በሉ። እውነት ነው ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ ስጨርስ ይጠይቀኝ፤ ያኔ እኔ ተነስቼ ሄጃለሁ።

ድሮ ነው፤ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን። ድስት ሲያርር «ኧረ አውጡኝ!» ብሎ ይጮህ ነበር፤ መጥረጊያም ሲደክመው ወገቡን ይዞ ያጉረመርማል። በዚያ ዘመን ከወንዝ ወዲህ ባለች አንዲት መንደር ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል። ልጅ አልወለደችም። እጅ ግን ነበራት! የመንደሩ ሙሽራ ሁሉ የይርገዱን የእጅ ስፌት ለብሶ ነው የተዳረው።

ከዚያ ቁርጥማት የሚሉት በሽታ መጣና ጣቶቿ ውስጥ ጎጆውን ቀለሰ። መርፌ ታነሳለች፣ ይወድቃል። ታነሳዋለች፣ ይወድቃል። ታነሳዋለች፣ ደግሞ ይወድቃል። ሥራ ያመጡላት የነበሩ ሰዎችም ቀስ በቀስ በደጇ ሰላም ብለው ብቻ ማለፍ ጀመሩ።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ስንዱ ሴት ልጅ ወለደች። ገና አራስ ቤት ሳለች ይርገዱን አስጠራቻት።

«እትዬ ይርጌ፣ ልጄን ክርስትና አንሺልኝ» አለቻት።

ይርገዱ ጎንበስ ብላ ሕፃኗን አየቻት። በዚህ ሁሉ ዕድሜዋ «እናት» ብሎ የጠራት ፍጡር አልነበረም። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ «እሺ» አለች፤ ድምፅዋ ግን አልወጣም፤ ስንዱ ያወቀችው ከከንፈሯ ነው።

በዚያ መንደር ደግሞ አንድ ልማድ ነበር። ክርስትና የምታነሳ ሴት የልጅቷን ነጭ ቀሚስ በገዛ እጇ ትሰፋለች። አይገዛም፣ አይዋስም። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ይርገዱ ጨርቁን በቀሚሱ ልክ ቀድዳ አስቀመጠች። ሃያ ቀን ሆነ፣ መርፌው ወደቀ። አርባ ቀን ሆነ፣ ወደቀ። ሰባ አምስት ቀን ሆነ፤ ጨርቁ እንደተቀደደ ነው።

ለሰማንያው ቀን አምስት ቀን ሲቀር፣ ማክሰኞ ዕለት፣ አንድ አህያ ሦስት ጭነት ይዞ ደጇ ቆመ።

ጭነቱ የወንድሟ ነው። ወንድሟ አያልነህ ከወንዝ ማዶ ባለ ከተማ አርባ ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው ነበር። በክረምት ሞተ። ይርገዱ መርዶውን ሰምታ ስትሮጥ ወንዙ ሞልቶ አላሻግር አላት። ውሃው ሲጎድል ተሻግራ ደረሰች፤ ግን አልቃሹ ተበትኗል፣ ድንኳኑ ተነስቷል፤ የቀረው የካስማው ጉድጓድ ብቻ ነበር። ብቻዋን ምን ብላ ታልቅስ? ውሃ ጠጥታ ተመለሰች። አሁን የወንድሟ ሚስት «ለእህቴ ስጡልኝ ብሎ ነበር» ብላ የስፌት መኪናውን ላከችላት።

ይርገዱ ጭነቱን ፈታች። በመጀመሪያው ጭነት የብረት እግሮቹ፣ የእንጨት ጠረጴዛው፣ ሰፊው መርገጫና ትልቁ ጎማ ነበሩ። በሁለተኛው ጭነት ራሱ መኪናው በጋቢ ተጠቅልሎ ተኝቷል። በሦስተኛው ጭነት፣ በከረጢት ውስጥ፣ የቆዳ ቺንጋ፣ የታችኛውን ክር የምትይዝ ትንሽ ማጠንጠኛ፣ ሁለት መርፌና ከከረጢቱ ሥር የተወሸቀ የዘይት ጠርሙስ ነበር። እግሮቹን አቆመች፣ ጠረጴዛውን ጫነች፣ መኪናውን አስቀመጠች። ቺንጋውን በታችኛው ትልቅ ጎማና በላይኛው ትንሽ ጎማ ላይ አጠለቀች።

መኪናው ተንጠራራ። ዙሪያውን አየ።

«ደህና ዋልሽ እትዬ» አላት። «አያልነህ የት አለ?»

 ለካ ማንም አልነገረውም! ለልጆቹ መርዶ ተነግሯል፣ ለጎረቤት ተነግሯል፣ ለዕድር ተነግሯል። አርባ ዓመት ከጉልበቱ ሥር ለኖረው መኪና ግን አንድም ሰው ትዝ አላለውም። ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከዚያ የተቀደደውን ነጭ ጨርቅ አየች። ሐዘን ከተቀመጠ ማን ይሰፋልኛል ብላ ፈራች።

«ይመጣል» አለችው።

ረቡዕ ጠዋት ክሩን አስገብታ መርገጫውን ረገጠች። መኪናው አንድ ጊዜ ቀጭ፣ ሁለት ጊዜ ቀጭ አለና ቆመ። ከጨርቁ ሥር ክሩ ተተብትቦ የወፍ ጎጆ መስሏል። ለካ የላይኛው ክርና የታችኛዋ ክር ተጣልተዋል።

«እኔ ከላይ ነኝ፤ ሰው የሚያየኝ እኔን ነው» ይላል የላይኛው ክር።

«እንግዲያው ብቻህን ስፋ። እኔ ከቤቴ አልወጣም» ትላለች የታችኛዋ፣ ማጠንጠኛዋ ላይ ተጠቅልላ ከጨለማው ውስጥ።

«አትውጪ!»

«አልወጣም!»

«ኧረ እባካችሁ፣ እኔ ልጅ ላነሳ ነው!» አለች ይርገዱ።

መኪናው ሳል ብሎ፣ «አያልነህ ሲያስታርቃቸው የላይኛውን ክር ጫፍ ይይዝና ጎማውን በእጁ አንዴ ያዞራል» አላት። «የላይኛው ወርዶ ከቤቷ ካልጠራት አትመጣም።»

ይርገዱ የክሩን ጫፍ ይዛ ጎማውን በእጇ ወደ ራሷ አዞረች። የላይኛው ክር እያጉረመረመ በመርፌው ወደ ጨለማው ወረደ። ምን እንደተባባሉ አልሰማንም። ሲመለስ ግን ታችኛዋን እጅ ለእጅ ይዟት ወጣ። ከዚያ ወዲያ ጨርቁ መሃል ተቃቅፈው ይሄዱ ጀመር። አንድ ስንዝር ሰፉ። መኪናውም በድንገት ቀጥ አለ።

«አያልነህ የት አለ?»

«መንገድ ላይ ነው» አለችው ይርገዱ።

በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከአሮጌ ጨርቅ ጋር ተሰክታ፣ የይርገዱ የእጅ መርፌ ትኖር ነበር። አርባ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ያን ቀን ግን ቅናት አንጀቷን በላት። ከጓዳ የምትኖረውን አይጥ ጠራቻት።

«አያ ብረቱ መጥቶ ቤቱን ወረሰብኝ» አለቻት።

«እኔን ምን አገባኝ? ብረት አልበላ» አለች አይጧ።

«ቆይ፣ የምትበይው አላጣልሽም» አለች መርፌዋ።

ሐሙስ ዕለት ይርገዱ መኪናውን ስትረግጠው ከበደባት። ተኮሳተረ። «ቤት ለእንግዳ ሳልለው ቀርቼ ነው ያኮረፈው» ብላ አሰበች። እንግዲህ ይህች ሴት ምን አደረገች መሰላችሁ? ሙሽራ ወደ ቤት ሲገባ ምን ይደረጋል? አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል። ተነሳች፣ ለጋ ቅቤ አመጣች፣ «እንኳን ደህና መጣህ» እያለች አናቱን ቀባችው። አንገቱን ቀባችው። ጎማውን ቀባችው። እጇ ላይ የተረፈውን ቺንጋው ላይ አበሰችው። አትሳቁ! ያላትን የመጨረሻ ቅቤ ነው ያወጣችው።

ቅቤው በየቀዳዳው ገባና ረጋ። መኪናው ተለጉሞ ቀረ። የእጅ መርፌዋ ከግድግዳው ላይ «አይጥ ሆይ፣ ቆዳው በቅቤ ታሽቶልሻል» ብላ ሹክ አለች። አይጧም እየላሰች ጀመረች፣ እየነከሰች ጨረሰች። ይርገዱ ከገበያ ስትመለስ ቺንጋው ሁለት ቦታ ተቆርጦ መሬት ላይ ተጋድሟል።

ቁርጥራጮቹን ለቀመች። ከከረጢቱ ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«ከማክሰኞ ጀምሮ እዚህ ተወሽቄ! አንድ ሰው እንኳ ለምን መጣሽ ብሎ ይጠይቀኝ እንጂ!»

የዘይት ጠርሙሷ ናት። ይርገዱ መኪናውን በሙቅ ጨርቅ አሽታ ቅቤውን አወጣችለት። በየቀዳዳው አንድ አንድ ጠብታ የመኪና ዘይት ጨመረችለት። የቺንጋውን ጫፎች በወስፌ በስታ በሽቦ አያያዘቻቸው። አጠር አለ እንጂ ያዘ። መኪናው ትንፋሽ አገኘ፤ ሁለት ስንዝር ሰፋና ቆመ።

«አያልነህ የት አለ? መንገድ ላይ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«አሞት ነው» አለችው። ፊቷን አዙራ ነው ያለችው።

ዓርብ ዕለት ደግሞ የራሷ እጅ ከዳት። በእጁ የሚሰፋ ሰው ይጎትታል፤ ክሩን ይጎትታል፣ ጨርቁን ይጎትታል፤ አርባ ዓመት የኖረችው እንደዚያ ነው። ጨርቁን ወደ ኋላ ሳብ ስታደርገው የመኪናው መርፌ ጎበጠና ብረት መትቶ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ይርገዱ ራሷን ያዘች። ከሁለቱ የቀረው አንድ መርፌ ነው።

«አትጎትቺኝ እትዬ። መንገዱን አውቀዋለሁ። እጅሽን ጨርቁ ላይ አሳርፊና አብረሽኝ ሂጂ» አላት መኪናው።

«ካልጎተትኩ የሠራሁ አይመስለኝም» አለችው።

«እሱም መጀመሪያ እንደዚያ ብሎኝ ነበር።»

የቀረውን መርፌ አስገባች። የታመሙ ጣቶቿን ጨርቁ ላይ ዘርግታ አሳረፈቻቸው። ለካ ለማሳረፍ ጤነኛ ጣት አያስፈልግም! ጨርቁ ከሥራቸው እየተንሸራተተ ሄደ። ሦስት ስንዝር ሰፉ። መኪናው ግን እንደገና ቀጥ አለ።

«አሞት ነው ብለሽኝ ነበር። ተሻለው?»

ይርገዱ መኪናውን ከላይ እስከ ታች መረመረችው። ክሩ አልተጣላም፣ ቅቤው ወጥቷል፣ ማንም አልጎተተም። መኪናው ግን አልሄድ አለ።

በዚያው ሰዓት ስንዱ በር ላይ ብቅ አለች። ሕፃኗን አዝላለች፤ ከነጠላዋ ሥር የሆነ ነገር ደብቃለች።

«እትዬ ይርጌ፣ አይክፋሽ» አለች። «ሦስት ቀን ሙሉ የመኪናው ድምፅ እየተነሳ ሲጠፋ እሰማለሁ። እጅሽን ደግሞ አውቀዋለሁ። ይኸው የእህቴ ልጅ የተነሳችበት ቀሚስ አለ። ማንም አያውቅብንም።»

ለደግ ብላ ነው። ደግነቷ ግን ይርገዱን ፊት ላይ እንደተተፋ ምራቅ አቃጠላት ብል እዋሻለሁ፤ ከዚያ የባሰ ነው ያደረጋት። ለአንዴ «እናት» ልትባል ነው፤ ያንንም በውሰት ቀሚስ።

«እስከ ነገ ማታ ታገሺኝ፣ እናቴ» አለቻት። ስንዱም ቀሚሱን መልሳ ሸሽጋ ሄደች።

በሩ ሲዘጋ የእጅ መርፌዋ ከግድግዳው ላይ ተናገረች።

«ይርገዱ፣ ቺንጋውን ለአይጧ የጠቆምኩላት እኔ ነኝ። ቀናሁ። ሥራውን ሁሉ እሱ ይወስደዋል ብዬ። አሁን ግን የስንዱን ቃል ስሰማ አፈርኩ። ስሚኝ፤ ይህ መኪና አልታመመም። ሰው እየጠበቀ ነው። ሰው እየጠበቁ፣ በር በሩን እያዩ ማን ይሰፋል?»

«ብነግረው ይሰበርብኛል።»

«ባትነግሪውስ ሄደልሽ? ነገ ጠዋት ንገሪው። መርዶ በጠዋት ነው።»

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ይርገዱ ተነሳች። ነጠላዋን ለለቅሶ እንደሚደረገው አዘቅዝቃ ለበሰች። መርዶ በአንድ ሰው አይነገርም፤ ሽማግሌ ይዞ ነው የሚኬደው። ስለዚህ የእጅ መርፌዋን ከግድግዳው ነቅላ ደረቷ ላይ ሰካቻት። መቀሱን በቀኝ አስቀመጠች፣ የዘይት ጠርሙሷን በግራ። አይጧ ሳትጠራ መጣች፤ ጥፋተኛ ስለሆነች ከበሩ ሥር ቁጭ አለች። መኪናው ሁሉም ተሰብስበው ሲያይ ነገሩ ገባው።

«እትዬ» አለ፣ «ንገሪኝ እንጂ።»

«አያልነህ አርፏል» አለች ይርገዱ። «በክረምት ነው። ሳይሰቃይ ነው የሄደው። ዋሽቼሃለሁ። ይመጣል ያልኩህ ውሸት ነው፣ መንገድ ላይ ነው ያልኩህ ውሸት ነው፣ አሞት ነው ያልኩህም ውሸት ነው።»

 ከዚያ የመኪናው ትልቅ ጎማ ማንም ሳይነካው መዞር ጀመረ። ያለ ክር፣ ያለ ጨርቅ፣ በባዶው ተሽከረከረ። ብረት ሲያለቅስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልሰማሁም፤ ይርገዱ ግን ሰማች።

«የግራ ተረከዙ ከቀኙ ይከብድ ነበር» ይላል መኪናው። «ጠዋት ሲመጣ ከእርምጃው አውቀው ነበር። ሳይረግጠኝ በፊት ጎማዬን መታ መታ አድርጎ ‹በል ወንድሜ› ይለኝ ነበር።»

«ትንንሽ ልጆች ሳለን አህያውንም እንደዚያ ይለው ነበር!» አለች ይርገዱ፤ ይህን ብላ በዚያው ለቅሶዋ ገነፈለ። በክረምት ያላለቀሰችው ለቅሶ፣ ወንዙ የከለከላት ለቅሶ፣ ያ ሁሉ መጣ። እሷ ስለ ልጅነቱ ታወራለች፣ መኪናው ስለ ሽምግልናው ያወራል፤ በመሃል ሁለቱም ያለቅሳሉ። ካስማ ያልተተከለለት ለቅሶ ነው፤ ግን አልቃሽ አላጣም። አይጧ እንኳ አፍንጫዋን ጠረገች።

ፀሐይ በሩ ላይ ስትደርስ የመኪናው ጎማ መዞሩን አቆመ።

«ለምን ደበቅሽኝ?» አላት።

«ሥራህን ስለፈለግሁት። ነውር ሠርቻለሁ። ሐዘንተኛን ቅቤ ቀባሁ፤ ማንን አጥተህ መጣህ ብዬ ግን አላወራሁህም።»

«እኔም ልንገርሽ» አለ መኪናው። «ለሌላ እግር ብሄድ ቦታውን አሳልፌ የሰጠሁበት መስሎኝ ነው የምቆመው። ሲመጣ ምን ይለኛል እያልኩ። አሁን እንደማይመጣ አውቄያለሁ። እንግዲህ እግርሽን አስቀምጪ፣ እትዬ።»

ይርገዱ እግሯን መርገጫው ላይ አሳረፈች። ጣቶቿን ጨርቁ ላይ ዘረጋች። መኪናው ሄደ። ጎኑን ሰፋ፣ እጅጌውን ሰፋ፣ ዘርፉን ሰፋ። ለአንድ ስንዝር እንኳ አልቆመም። የቀረው የአንገቱ ማሰሪያ ብቻ ሲሆን መኪናው «ይህን ለእጅ መርፌዋ ተዪላት፤ የእኔ እግር እዚያ አይገባም» አለ።

የእጅ መርፌዋም ከይርገዱ ደረት ላይ ወረደች። «ሦስት ስፌት ብቻ ነው» አለች። «ጥብቅ አድርገሽ ያዢኝ ባልልሽም፣ ያዢኝ። አልወድቅም።» አልወደቀችም።

ማታ ስንዱ መጥታ ቀሚሱን አየች። አንዱ ጎን ጠመም ብሏል፤ የዓርብ ዕለት ስፌት ነው። ስንዱ ግን አገላብጣ አገላብጣ አየችና አፏን በእጇ ያዘች። «እትዬ ይርጌ፣ ተሳስቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አለቻት። ተቃቀፉ። የውሰቱ ቀሚስ ወደ መጣበት ተመለሰ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ሕፃኗ ከውሃው ስትወጣ ዓይኗን ጨፍና ታለቅሳለች። ቄሱ በሁለት እጃቸው ይዘዋት ሕዝቡን ተመለከቱ።

«የክርስትና እናቷ የት አለች?» አሉ።

ይርገዱ ከሴቶቹ መካከል ቆማለች፤ ነጩን ቀሚስ በሁለት እጇ ይዛለች። ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት መጀመሪያ ዞር ብላ ኋላዋን አየች። ሁሉም እሷን ያያል። ያኔ ገባት።

«አቤት!» አለች።

በጣም ጮኻ ነው ያለችው። የዕለቱ ዲያቆን ደነገጠ፤ ጣሪያው ላይ የነበሩ ርግቦች ተነሱ። ሕፃኗም ለቅሶዋን አቁማ ማን እንደሆነች ለማየት ዓይኗን ገለጠች።

ይኸው ነው ነገሩ፣ ወገኖቼ። ቤታችሁ አዲስ የገባ ካለ፣ ሰውም ይሁን ከብት ወይም ብረት፣ ሥራ ከመስጠታችሁ በፊት ማንን ትቶ እንደመጣ ጠይቁት፤ የሞተበት ካለም ደፍራችሁ ንገሩት፤ አብራችሁትም አልቅሱ። እኔ የማውቀውን አውርቻለሁ፤ አፌ ደርቋል፤ ቁራሽ ነገር ያለው ሰው አሁን ቢያወጣው አልቀየምም።